አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ስለ እናንተ የያዘውን ፋይል እንዴት ታወጣላችሁ? ስህተት ካለስ እንዴት ታሳርማላችሁ?

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። ለቅሶ ቤትም ይሁን ክርስትና ላይ፣ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «እነዚህ ሰዎች ስለ እኔ ምን ጽፈው ይዘዋል? ሰልፍ ወጥቼ ነበር፣ ፎቶ ሲያነሱ አይቻለሁ። የአሳይለም ወረቀቴንስ ለአገር ቤት አሳልፈው ይሰጡብኛል?» እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ለራሴም ስጠይቅ፣ ዘመድም ሲጠይቅ ቁጭ ብዬ ስሞላ ብዙ ፋይል አይቻለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መመሪያው ለአሜሪካ ፌደራል መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነው፦ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ለሚያየው ዩኤስሲአይኤስ፣ ለኤፍቢአይ፣ ለድንበር ጥበቃው ሲቢፒ፣ ለኢሚግሬሽን ፖሊሱ አይስና ለመሰሎቻቸው። የከተማና የስቴት ፖሊስ በዚህ መንገድ አይጠየቅም። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ዲሲም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። የውጭ መንግሥትም አይጠየቅም። የኢትዮጵያ መንግሥት ኮምፒውተሬን ሰልሏል ብሎ እዚህ የከሰሰ አንድ የሜሪላንድ ነዋሪ ነበር። ስሙን ደብቆ ነው የከሰሰው። የዋሽንግተን ፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 ክሱ እዚህ ሊታይ አይችልም ብሎ ዘጋው። በዚያ በኩል አትድከሙ።

ሕጉ ምን ይከለክላል?

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት በምን ላይ ቆማችሁ እንደምትጠይቁ እወቁ። ዋናው ሕግ በ1974 የወጣው ፕራይቬሲ አክት ነው። የሚጠብቀው ዜጋንና ግሪን ካርድ ያዥን ነው፤ የሌላው ሰው መንገድ ደረጃ 1 ላይ አለ። ለእኛ የሚጠቅሙት አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በስማችሁ ወይም በቁጥራችሁ የሚፈለግ ፋይል ካለው፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችሁ ለሌላ አሳልፎ መስጠት አይችልም። ሕጉ ልዩ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል። ሰፊው በር «ሩቲን ዩዝ» የሚባለው ነው። መሥሪያ ቤቱ መረጃውን ከሰበሰበበት ዓላማ ጋር ለሚስማማ ሥራ፣ አስቀድሞ በይፋ ጋዜጣ አውጥቶ ካሳወቀ፣ ሊያካፍል ይችላል።

ሁለተኛ፣ ንግግራችሁን፣ ጽሑፋችሁን፣ ሰልፋችሁን ወይም ሃይማኖታችሁን የሚገልጽ መዝገብ መያዝ አይችልም። ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው የሚፈቅዱለት፦ ሌላ ሕግ በግልጽ ከፈቀደ፣ እናንተ ከፈቀዳችሁ፣ ወይም በሥልጣኑ ሥር ላለ የሕግ ማስከበር ሥራ ከሆነ። ሦስተኛው ቀዳዳ ሰፊ ነው፣ አልዋሽም። ግን ኤፍቢአይን ጨምሮ ማንም መሥሪያ ቤት ከዚህ ክልከላ ራሱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት አይችልም። ከሌሎቹ ግዴታዎች ብዙዎቹ ራሳቸውን አውጥተዋል፣ ከዚህ ግን አልቻሉም። ይሄን ያዙት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛ፣ ፋይላችሁን የማየት፣ የማሳረምና ለማን እንደተሰጠ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

አራተኛ፣ ሆን ብሎ የእናንተን መረጃ ያወጣ ባለሥልጣን እስከ 5,000 ዶላር ይቀጣል። በሐሰት ራሱን እንደ እናንተ አድርጎ ፋይላችሁን የጠየቀ ሰውም እንዲሁ።

አሳይለም ለብቻው ደንብ አለው። የጥገኝነት ማመልከቻችሁ፣ ማመልከታችሁ ራሱ ጭምር፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችሁ ለሦስተኛ ወገን አይገለጽም። የአገራችሁ መንግሥት ከሦስተኛ ወገኖቹ አንዱ ነው። ደንቡ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፣ ሚኒስትሩም ሊፈቅድ የሚችልበት አግባብ አለ። ኤምባሲ ደውሎ የሚወስደው ነገር ግን አይደለም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ኤ ነምበራችሁ፣ ማለትም የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥራችሁ (ግሪን ካርዱ ወይም የሥራ ፈቃዱ ላይ አለ)። ዜግነት የወሰዳችሁ የዜግነት ሰርተፊኬታችሁን አምጡ
- ያለፉትም የአሁኑም ፓስፖርት
- ስማችሁ እስካሁን የተጻፈባቸው ሁሉም ዓይነት አጻጻፎች
- የልደት ቀናችሁ በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር
- የኖራችሁባቸው አድራሻዎችና ግምታዊ ዓመታት
- የፍርድ ቤት ቀጠሮ ካላችሁ የቀጠሮው ወረቀት
- ፋይሉ ሲመጣ የምታስቀምጡበት በይለፍ ቃል የተዘጋ ቦታ። የጋራ ኮምፒውተር አይሆንም
- ደብተርና እስክሪብቶ። ቀን የምትቆጥሩበት ነው፣ አትናቁት

ገንዘብ ብዙ አያስፈልግም። ለራሱ ፋይል የሚጠይቅ ሰው በፎያ (ማንኛውም ሰው የመንግሥትን ሰነድ የሚጠይቅበት ሕግ ነው) ሲሄድ የመጀመሪያው 2 ሰዓት ፍለጋና የመጀመሪያው 100 ገጽ ነጻ ነው። በፕራይቬሲ አክት ሲሄድ ለፍለጋ ጭራሽ አያስከፍሉም። «ፋይልህን በ400 ዶላር ላውጣልህ» የሚል ሰው ከመጣ ጠበቃ ካልሆነ ሸኙት።

⚠ ከምንም በፊት አንብቡ፦ ወረቀት የሌላችሁ ወይም የመባረር ትእዛዝ ያለባችሁ ከሆነ፣ ጠበቃ ሳታማክሩ ምንም ጥያቄ አትላኩ። የምትሞሉት ፎርም የምትኖሩበትን አድራሻ ይጠይቃል። የምትልኩት ደግሞ ለዚያው ለሚፈልጋችሁ መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። ጠበቃ ካላችሁ በእሱ ስምና አድራሻ ይጠይቅላችኋል።

ደረጃ 1፦ የትኛው ሕግ እንደሚሠራላችሁ ለዩ

ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ከሆናችሁ በሁለቱም ትጠይቃላችሁ፦ በፕራይቬሲ አክትም በፎያም። ከዚያ ውጪ ከሆናችሁ፣ ማለትም አሳይለም ተፈቅዶላችሁ ግሪን ካርዱ ገና ያልመጣ፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ላይ ያላችሁ፣ ቪዛ ላይ ያላችሁ፣ በፎያ ብቻ ነው። ፎያ ዜግነት አይጠይቅም፣ ማንኛውም ሰው ይጠቀምበታል።

ለምን ይጠቅማል? ማየቱ በሁለቱም ይቻላል። ማሳረሙና ያለአግባብ ለወጣ መረጃ ካሣ መክሰሱ ግን የፕራይቬሲ አክት መብት ነው። ደብዳቤያችሁ ላይ ሁለቱንም ሕግ ከጠራችሁ የተሻለውን ይሰጧችኋል። አንዱን ብቻ ከጠራችሁ ሌላውን ላያስታውሱላችሁ ይችላሉ።

ደረጃ 2፦ ጥያቄያችሁን ከትክክለኛው በር ጋር አገናኙ

«መንግሥት» የሚባል አንድ ካዝና የለም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ብቻ ይፈልጋል፣ የሌላውን አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ምን ማወቅ እንደፈለጋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ፣ ኢንተርቪው ላይ የተጻፈው፣ ያስገባችኋቸው ፎርሞች ከሆነ፦ ዩኤስሲአይኤስ። ፋይሉ «ኤ ፋይል» ይባላል። በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አካውንት ከፍታችሁ ትጠይቃላችሁ። ዳኛ ፊት ቀጠሮ ካላችሁ የቀጠሮውን ወረቀት አያይዙ፤ ቀጠሮ ላለው ለብቻው ፈጣን መስመር አላቸው። ይሄን ሳያያይዙ ወራት የጠበቁ ሰዎች አውቃለሁ።

ዳኛው ፊት የተባለውና የገባው ከሆነ፦ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱ ራሱ። በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ስለሆነ ዩኤስሲአይኤስ አይሰጣችሁም።

ኤርፖርት ላይ ስትገቡ የተጠየቃችሁት፣ ጓዳ ክፍል የተቀመጣችሁበት፣ መውጣት መግባታችሁ ከሆነ፦ ሲቢፒ።

ምርመራ ተደርጎብኝ ይሆን፣ ሰልፍ ላይ ተመዝግቤ ይሆን ከሆነ፦ ኤፍቢአይ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይምታታበታል። ኤምባሲ ወይም አሠሪ የሚጠይቀው «የኤፍቢአይ ክሊራንስ» በጣት አሻራ የሚወጣ የወንጀል ታሪክ ነው። 18 ዶላር ያስከፍላል። ታስራችሁ ካላወቃችሁ ባዶ ነው የሚመጣው። የምርመራ ፋይል ሌላ ነገር ነው፤ የሚጠየቀው በፎያ ክፍላቸው በኩል ነው። ክሊራንሱ ባዶ መጣ ማለት ፋይል የለም ማለት አይደለም።

በየጉዞው የምትያዙ፣ ቦርዲንግ ፓሳችሁ ላይ «ኤስ» አራት ጊዜ የሚታተምባችሁ ከሆነ፦ ፎያ ሳይሆን ዲኤችኤስ ትሪፕ የሚባለው የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር የቅሬታ መስመር። ስማችሁ ከሌላ ሰው ስም ጋር ተምታቶ ከሆነ የሚፈታው እዚያ ነው። የሚሰጧችሁን ቁጥር ትኬት ስትቆርጡ ታስገባላችሁ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ አውሮፕላን እንዳይሳፈር የተከለከለ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን ወይም አለመኖሩን ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት አሠራር አለ።

ደረጃ 3፦ የስምና የቀን ገጽ አዘጋጁ

ይሄን ደረጃ አትዝለሉ። ለእኛ ዋናው እዚህ ነው።

የእኛ ስም ለእነሱ ኮምፒውተር አይመችም። የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ፎርም ላይ የአባታችሁ ስም «ላስት ኔም» ሆኗል፣ ሌላው ላይ የአያታችሁ። ፓስፖርቱ ሦስቱንም በአንድ መስመር ስለጻፈ፣ አንዱ ጸሐፊ ሁሉንም የቤተሰብ ስም ያደርግና በመጀመሪያው ቦታ «የመጀመሪያ ስም አይታወቅም» የሚለውን ምህጻረ ቃል ያስገባል። ኤፍኤንዩ የሚባለው ነው። ያ ሰው ከዚያ በኋላ መንጃ ፈቃዱም ባንኩም ላይ «ፍኑ» ይሆናል። መኮንን በአንድ «ኤን» ወይም በሁለት፣ ጽጌ በ«ቲ ኤስ» ወይም በ«ኤስ» ብቻ። ኮምፒውተሩ እነዚህን እንደ ተለያየ ሰው ነው የሚያያቸው።

ቀኑ የባሰ ነው። አንዲት ዘመዴ የተወለደችው መስከረም 5 ቀን 1978 ነው። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1985 ማለት ነው። መጀመሪያ የሞላላት ሰው መስከረም የዓመቱ አንደኛ ወር ነው ብሎ «1»፣ ቀኑን «5»፣ ዓመቱን እንዳለ «1978» ጻፈ። ጃንዋሪ 5 ቀን 1978 ሆነች። በአንድ እስክሪብቶ ከሰባት ዓመት በላይ አረጀች። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ግን ትክክለኛው ነው። በትክክለኛው ቀን ብቻ ብንጠይቅ ኖሮ ያ ፎርም ያለበት ሰነድ ሳይገኝ ይቀር ነበር።

ስለዚህ አንድ ገጽ ውሰዱ። ከላይ እስከ ታች ሁሉንም የስም አጻጻፍ ዘርዝሩ። ከሥሩ ሁሉንም የልደት ቀን፣ የተሳሳተውንም ጭምር፣ «በስህተት በዚህ ቀን ተመዝግቤ ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ጻፉ። የተሳሳተ ቀን እየጻፋችሁ እንደ ውሸት እንዳይቆጠርባችሁ ትክክለኛውን ከላይ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ደረጃ 4፦ ጥያቄውን ጻፉ

በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፉት። ሐሳቡ ግን ይሄ ነው፦

«በፎያና በ1974ቱ ፕራይቬሲ አክት መሠረት ስለ ራሴ የያዛችሁትን ሰነድ ቅጂ እጠይቃለሁ። ፍለጋው ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት ያለውን ይሸፍን። ስሜና የልደት ቀኔ በተለያየ መንገድ ስለተመዘገበ የተያያዘውን ገጽ ተመልከቱ። ከፊሉን የምትከለክሉ ከሆነ የቀረውን ነጥላችሁ ስጡኝ፣ የከለከላችሁበትንም አንቀጽ ጥቀሱልኝ። ክፍያው ከ25 ዶላር የሚበልጥ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት አሳውቁኝ። እንዲሁም ሰነዶቼ ለማን፣ መቼና ለምን እንደተሰጡ የሚያሳየውን መዝገብ እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሰው ሁሉ ይረሳታል። ሕጉ መሥሪያ ቤቶች ሰነዳችሁን ለሌላ ሲሰጡ መዝግበው ቢያንስ አምስት ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። ለፖሊስ ሥራ የተሰጠውን ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ሌላውን ግን ካልጠየቃችሁ ማንም ፈቅዶ አይልክላችሁም።

«ስለ እኔ ያላችሁን ሁሉ» ብላችሁ አትጻፉ። ጥያቄው ሰፊ በሆነ ቁጥር ወደ ረጅሙ ወረፋ ይገባል። «የኢንተርቪው ማስታወሻዬንና ያስገባሁትን ፎርም» ያለ ሰው ሙሉ ፋይል ከጠየቀው ቀድሞ ያገኛል።

ለኤፍቢአይ ስትጽፉ አንድ ነገር ጨምሩ። እነሱ በተለምዶ በእናንተ ስም የተከፈተ ዋና ፋይል ብቻ ነው የሚፈልጉት። ስማችሁ በሌላ ሰው ወይም በማኅበር ፋይል ውስጥ የተጠቀሰ ከሆነ «ክሮስ ሪፈረንስ» ይባላል። እሱም እንዲፈለግ ጠይቁ፣ የት ሊጠቀስ እንደሚችልም ፍንጭ ስጡ፦ የሰልፉን ቀንና ቦታ፣ የማኅበሩን ስም። ግን ማወቅ ያለባችሁ፣ ይሄን ስትጽፉ ያንን መረጃ ራሳችሁ እየሰጣችሁ ነው። የሌላ ሰው ስም አታስገቡ።

ደረጃ 5፦ ማንነታችሁን አረጋግጡ

ፋይላችሁን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡ ማንነት ይጠይቃሉ፤ ይሄ ለእናንተው ጥበቃ ነው። ኤፍቢአይን ጨምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያሉት «ዲኦጄ 361» የሚባል ፎርም አላቸው። ኖተሪ ጋር መሄድ ግዴታ አይደለም። ፎርሙ ላይ «ውሸት ከሆነ በሐሰት ምስክርነት እንደምቀጣ አውቄ» የሚል ቃል አለ፤ ከሥሩ መፈረም ይበቃል። ያልተፈረመ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

ለባለቤታችሁ ወይም ለወንድማችሁ በስማቸው አትፈርሙ። «ምን አለበት፣ ባሌ እኮ ነው» አይሠራም። ራሱ ይፈርም፣ ወይም ለእናንተ እንዲሰጥ በጽሑፍ ይፍቀድ። ለትንሽ ልጅ ወላጅ መጠየቅ ይችላል፣ የልደት ሰርተፊኬት ተያይዞ።

ደረጃ 6፦ ላኩና ቀን ቁጠሩ

ስትልኩ የሚመጣውን የጥያቄ ቁጥር ደብተሩ ላይ ጻፉ። ፎያ ለመልስ 20 የሥራ ቀን ይሰጣል። በልዩ ምክንያት 10 የሥራ ቀን መጨመር ይችላሉ። ቅዳሜ፣ እሑድና የፌደራል በዓል አይቆጠርም።

እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ቀኑን ያሳልፋሉ። ታዲያ ለምን እንቆጥራለን? ቀኑ ካለፈ የመክሰስ መብት ስለሚከፈትላችሁ ነው። ከዚያ በፊት ግን ርካሽ መንገድ አለ። የኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮ ደውሉ። የፈቃድ ወረቀት ያስፈርሟችኋል፤ ያለዚያ ፕራይቬሲ አክቱ ራሱ ስለ እናንተ እንዳይነግሯቸው ይከለክላል። ከዚያ መሥሪያ ቤቱን ይጠይቁላችኋል። ነጻ ነው፣ ዜጋ መሆንም አይጠይቁም፤ በወረዳቸው መኖር ይበቃል።

ደረጃ 7፦ የመጣውን ፋይል በትክክል አንብቡ

ፋይሉ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ጥቁሩ ነው። ግማሽ ገጽ ተሸፍኖ ጎኑ ላይ ትንሽ ፊደልና ቁጥር ይቀመጣል። ያቺ ፊደል ናት ቁልፉ።

«ቢ6» እና «ቢ7ሲ» የሌላ ሰው ግላዊ መረጃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛ ስም ነው፣ አትጨነቁ። «ቢ7ኢ» የምርመራ ዘዴ ነው። «ቢ5» የውስጥ ምክክር። «ቢ1» በምስጢር የተመደበ። «ቢ7ዲ» ምስጢሩ የሚጠበቅለት ምንጭ፣ በቀላል አማርኛ ስለ እናንተ የተናገረ ሰው ወይም ተቋም። ማን እንደሆነ ለመገመት አትሞክሩ። አንድ ማኅበር ውስጥ በዚህ ግምት የተጣሉ ሰዎች አይቻለሁ። ኋላ ሲጣራ የሌላ አገር ፖሊስ መሥሪያ ቤት ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ተመልሳችሁ ያልተሸፈነውን መስመር በመስመር አንብቡ። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ስምና ቀን፤ አስተርጓሚው ያዛባው ቃል (ጎረቤት የነበረው «ዘመድ»፣ ደጋፊ የነበራችሁት «አባል» ሆኖ ይገኛል)፤ እና ከጉዳያችሁ ጋር የማይገናኝ የሰልፍ፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ወይም የፌስቡክ ማስታወሻ። የገጹን ቁጥር ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ከኤፍቢአይ «ሰነድ አላገኘንም» የሚል መልስ ሲመጣ አብሮ «ስምዎ በማንኛውም የክትትል ዝርዝር ላይ መኖሩንም አለመኖሩንም አናረጋግጥም» የሚል አንቀጽ ይኖረዋል። ለሁሉም ሰው የሚላክ የታተመ ጽሑፍ ነው። እሱን አንብበው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ደውለውልኛል። ተኙ።

ደረጃ 8፦ ካልረካችሁ ይግባኝ በሉ

ይግባኝ ለማለት ቢያንስ 90 ቀን አላችሁ፤ ትክክለኛው ቀን ደብዳቤው ላይ አለ። ነጻ ነው፣ አንድ ገጽ ይበቃል። «አላገኘንም» በሚለውም ላይ ይግባኝ ይባላል። «በእነዚህ አጻጻፎች አልፈለጋችሁም» ብላችሁ ደረጃ 3 ላይ ያዘጋጃችሁትን ገጽ እንደገና አያይዙ። እኔ ባየሁት ብዙ ጊዜ የሚሠራው ይሄ ነው።

ይግባኝ ሳይሉ መክሰስ በአብዛኛው አይቻልም፤ ዳኛው «መጀመሪያ እዚያ ጨርሱ» ይላል። መካከል ላይ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሥር ያለ ኦጊስ የሚባል የሽምግልና ቢሮ አለ። እሱም ነጻ ነው።

ደረጃ 9፦ ስህተቱን አሳርሙ

ለዜጋና ለግሪን ካርድ ያዥ ነው። ለየስህተቱ አራት ነገር ጻፉ፦ የቱ ገጽ፣ ምን ይላል፣ ምን መሆን አለበት፣ ማስረጃው ምንድን ነው። ለልደት ቀን የልደት ሰርተፊኬት ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር አያይዙ። ትርጉሙ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያሳይ፣ ለምን ሰባትና ስምንት ዓመት እንደሚለያይም በአንድ መስመር ያስረዳ። አንባቢው ሠራተኛ አሥራ ሦስት ወር ያለው አገር መኖሩን ሰምቶ ላያውቅ ይችላል።

መሥሪያ ቤቱ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መድረሱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እምቢ ካለ የበላዩ እንዲያየው ትጠይቃላችሁ፣ ለዚያ 30 የሥራ ቀን አለው። እሱም እምቢ ካለ አጭር የተቃውሞ መግለጫ ታስገባላችሁ። ይቺን መግለጫ አትናቋት። ከዚያ በኋላ ያንን የተከራከራችሁበትን ነገር ለማንም ሲሰጡ መግለጫችሁን አብረው መላክ ግዴታቸው ነው።

የሰልፍ ወይም የእምነት ማስታወሻ ካገኛችሁ የምትጠይቁት እርማት ሳይሆን ስረዛ ነው። መከራከሪያችሁም «ውሸት ነው» ሳይሆን «መያዝ አልነበረባችሁም፣ ከሥራችሁ ጋር አይገናኝም» ነው። ኤፍቢአይ የምርመራ ፋይሎቹን ከእርማት ግዴታ አውጥቷል። ይሄኛው ግን ቅድም ያዙት ያልኳችሁ ክልከላ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ጠበቃ ያስፈልጋችኋል።

⚠ በመሐላ የተናገራችሁትን ነገር «ስህተት ነው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ ያንብበው። የጸሐፊ ስህተትና የእናንተ ቃል መለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው በኢሚግሬሽን ጉዳይ ላይ ከባድ ጣጣ ያመጣል። የዜግነት ሰርተፊኬት ላይ ያለ ቀን ደግሞ በዚህ መንገድ አይቀየርም፣ የራሱ ፎርም አለው።

ደረጃ 10፦ መረጃችሁ ያለአግባብ ከወጣ

በፕራይቬሲ አክት ለመክሰስ በአብዛኛው ሁለት ዓመት አላችሁ። ካሣ ለማግኘት መሥሪያ ቤቱ ሆን ብሎ ወይም አውቆ እንዳደረገው ማሳየት አለባችሁ፤ ተራ ቸልተኝነት አይበቃም። ጉዳቱም በገንዘብ የሚለካ መሆን አለበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 የሐሳብ ጭንቀት ብቻውን አይበቃም ብሏል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወጪያችሁን በደረሰኝ ያዙ፦ የቀረ ደመወዝ፣ የጠበቃ፣ የተቃጠለ ትኬት። ጉዳቱን በገንዘብ የምታሳዩ ከሆነ ዝቅተኛው ካሣ 1,000 ዶላር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

አንዱን ጥያቄ ለአራት መሥሪያ ቤት ኮፒ አድርጎ መላክ። ሲቢፒ ስለ ኢንተርቪው ምንም የለውም። «የለንም» ይላል፣ ሰውየው ደብቀውኛል ይላል።

አድራሻ ቀይሮ አለማሳወቅ። ደብዳቤው አሮጌው ቤት ይሄዳል፣ የይግባኙ ቀን ያልፋል፣ ፋይላችሁን ደግሞ አዲሱ ተከራይ ይከፍተዋል።

የመጣውን ፋይል ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ መለጠፍ። ሕጉ መንግሥትን እንጂ ግሩፑን አያስርም። ሁለት መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ ኤ ነምበሩን፣ የእናቱን ስምና የአሳይለም ታሪኩን የለጠፈ ሰው ገጥሞኛል። አጥፋው እስክለው ድረስ አሥር ሰው ፎርዋርድ አድርጎታል።